በትልቁ ጎማ

ከአጥሩ ማዶ የስታርች ሽታ እየመጣ ነው። የጎረቤቴ የኦቦ ደገፋ የልጅ ልጅ ጫልቱ በረንዳቸው ላይ ቆማ የባለቤቴን ሻሽ ትተኩስልኛለች። ውሃ ረጨት ታደርግና ካውያውን ስታሳርፍበት ያ እርጥብ፣ ገንፎ ገንፎ የሚል ሽታ ተነስቶ እኔ እስከተቀመጥኩበት የኮክ ዛፍ ጥላ ድረስ ይደርሳል። ነገ የአስካለ ሙት ዓመት ነው፤ ሻሹን ከሳጥን ያወጣሁት ለዚያ ነው። ምን ላደርግበት? እኔም አላውቅም። ተጨማዶ ከሚቀመጥ ብዬ ነው። ሌላ ሰው ስታርች ሲሸተው የሆቴል ጠረጴዛ ልብስ ትዝ ይለው ይሆናል። እኔን ግን ይሄ ሽታ ማጅራቴን ይዞ ከሰበታ ያነሳኝና ድሬዳዋ፣ የባቡሩ ፕላን ክፍል፣ ከዚያች እግሯ ከተወላገደ ዱካዬ ላይ ያስቀምጠኛል። አይ ዕድሜ! ጉልበቱን ወስዶ አፍንጫውን ተወልኝ።

የባቡር ሰው ነበርኩ ስል ሰዉ ሁሉ «ነጂ ነበሩ?» ይለኛል። አልነበርኩም! ትኬት ቆራጭም አልነበርኩም። ይህን ስላቸው ቅር ይላቸዋል፣ የቀማኋቸው ነገር ያለ ይመስል። እኔ ፕላን ገልባጭ ነበርኩ። መሐንዲሱ በእርሳስ የሠራው ሥዕል ላይ የፕላን ጨርቅ ዘርግቼ በቻይና ቀለም እገለብጣለሁ፤ ሥራዬ ይሄው ነው። የፕላን ጨርቅ ያላየ ሰው እንዴት ብዬ ላስረዳው? ስስ ጨርቅ ነው፣ ስታርች ጠጥቶ ጠጥቶ እንደ ወረቀት የለሰለሰ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ከሥሩ ያለውን መስመር አሳልፎ የሚያሳይ። አንዲት የላብ ጠብታ ካረፈችበት አለቀለት፤ ስታርቹ ይፈታና እንደ ቁስል ያብጣል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ላብ መቼ ጠፍቶ! ግንባራችንን በፎጣ አስረን፣ ክንዳችን ሥር ጋዜጣ አንጥፈን ነበር የምንሠራው። ከሥራ ስንወጣ ግን እኛን ማየት ነው! ነጭ ሸሚዝ፣ ሹል ጫማ፣ ፀጉር በቅባት ተለስኖ። ከዚራ ሰፈርን በዛፎቹ ጥላ ሥር ሽቅብ ቁልቁል ስንል፣ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ሳምቡሳ በአምስት ሳንቲም፣ የጥግ ቡና ቤቷ ውስጥ አንድ ሸክላ ብቻ ስለነበረ ያችኑ ዘፈን ማታ ማታ እየሰማን፣ ዓለም የእኛ ነበረች። አሁን አንድ ሳምቡሳ ስንት እንደሆነ አልናገርም፤ ደም ግፊቴ ይነሳል።

አለቃችን ቫሃን የሚባል አርመን ነበር፤ በፈረንሳዮቹ ወግ ሙሴ ቫሃን እንለዋለን። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የሚሻል፣ ሲናደድ ብቻ በአርመንኛ የሚቆጣ። የእኛ መስመር ለፍጥነት የተፈጠረ አልነበረም። ሐዲዱ ጠባብ፣ ዳገቱ ብዙ፣ ጥምዝምዙ ማለቂያ የለው። ሎኮሞቲቮቹም ትናንሽ መንኮራኩር ደርድረው እንደ በሬ የሚጎትቱ ነበሩ። በዚያ ላይ ናፍጣው ገብቶ የእንፋሎቷ ባቡር ጓሮ ውስጥ ፉርጎ ከመግፋት በቀር ሥራ አልነበራትም። የሙሴ ቫሃን ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው። ከአባቱ የወረሰው አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ሙሉ ሥዕል ነበረው፤ ያኔ ገና በጥንቱ፣ ፈረንጆቹ መንገደኛን በፍጥነት ለማድረስ ሲሉ የሠሯቸው የመጀመሪያዎቹ ፈጣን የእንፋሎት ባቡሮች ሥዕል። አዲስ ገልባጭ ሲመጣ እጁን የሚያፍታታው በእነሱ ላይ ነው።

«ስማኝ» ይለኛል፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንስቶ። «ፒስተኑ አንዴ ሄዶ ሲመለስ መንኮራኩሩ አንዴ ይዞራል። ፒስተኑን ከልኩ በላይ ብታጣድፈው ይሰባበራል። ታዲያ ሳታጣድፈው እንዴት ትፈጥናለህ?»

«እኔ እንጃ ሙሴ።»

«መንኮራኩሩን ታሳድገዋለሃ! ረጅም ሰው አንዴ ሲራመድ አጭሩ ሦስቴ ይራመዳል።»

እውነትም ሥዕሎቹ ላይ ያለው መንኮራኩር ከሰው ቁመት ይበልጣል። ግን ጣጣው ያን ጊዜ ጀመረ። መንኮራኩሩ ይህን ያህል ካደገ ቦይለሩ፣ ውሃው የሚፈላበት በርሜል፣ የት ይቀመጥ? ከመንኮራኩሩ በላይ ቢሰቅሉት ባቡሩ ከላይ ይከብድና ይገለበጣል ብለው ፈሩ። ፈርተው ፈርተው አንዱ ብልኅ ምን አደረገ? ግዙፉን መንኮራኩር ወስዶ ከመጨረሻው፣ ከምድጃው ጀርባ ተከለው፤ ቦይለሩን ወደ መሬት ዝቅ አደረገው። ትናንሾቹ ከፊት እየመሩ፣ ትልቁ ከኋላ እየገፋ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ የደረሰ ባቡር ሆነ። በረረ አሉ! ፈረስ ብቻ ያየ ሰው ትንፋሹ እስኪቆም በረረ። ኋላ ላይ ደግሞ ቦይለሩን ከፍ ቢያደርጉትም ምንም እንደማይወድቅ ታወቀ። ያን ሁሉ ዘመን የፈሩት በከንቱ ነው። ሙሴ ቫሃን እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይስቅ ነበር፤ እኔ ግን ያችን ሆዷ መሬት የሚነካ ፈሪ ባቡር ወደድኳት።

ነውርም ነበራት። ስትነሳ ላይ ሰነፍ ናት። ክብደቷ ሁሉ ከፊት፣ ጉልበቷ ከኋላ፣ ስለዚህ ሐዲዱ እርጥብ ከሆነ ያ ትልቅ መንኮራኩር ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ፈቀቅ አይልም። ያን ጊዜ አሸዋ ይረጩላታል። «ከፊቱ ነው የሚረጨው!» ይላል ሙሴ ቫሃን ጠረጴዛ እየደበደበ። «ከኋላው የሚረጨው ለማን ነው? ላለፈው?» ሌላም ሕግ ነበረው። ሙሉው ሥዕል ሲጠናቀቅ ከመንኮራኩሩ አጠገብ የግድ አንድ ሰው ይቆማል። ሰው ከሌለበት ትልቅነቱ አይታወቅም፤ የአሻንጉሊት ባቡር ሊሆን ይችላል። ሁሉም ገልባጭ ባርኔጣ ያጠለቀ ፈረንጅ ያቆማል። የኔ ሌላ ሆነ፤ እሱ ነው እንግዲህ ነገሩ ሁሉ።

የተበላሸ የፕላን ጨርቅ አይጣልም ነበር። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ስታርቹ ይለቃል፣ ቀለሙም አብዛኛው ይለቃል፣ የሚቀረው ጨርቅ ልስላሴው ጉድ ነው። የባቡር ሰፈር ሴቶች መሐረብ፣ ሻሽ፣ የጨቅላ እጀ ጠባብ ይሰፉበታል። ድሬዳዋ ላይ የባቡር ሰው ልጅ በልብሱ ይለይ ነበር፤ ጠጋ ብለህ ካየኸው ብብቱ ሥር የድልድይ ጫፍ፣ ጀርባው ላይ የውሃ ቧንቧ ታገኛለህ። ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ልብስ ሰፊ መስኮታችን ሥር ይመጡና ብልሹውን ይቀበላሉ። አንድ ቅዳሜ የእህታቸውን ልጅ አስከትለው መጡ። ቀጭን፣ ዓይኗ የማያርፍ፣ ምላሷም እንደዚያው። ሁለት ብልሽት ሰጠኋት።

«እነዚህ ብቻ ናቸው?» አለችኝ።

«ብዙ አላበላሽም።»

«ምነው? ሌላው ሰው እንደሚሠራ ይሥሩ እንጂ፤ የሰው እንጀራ አይዝጉ።»

ከዚያ በኋላ ምን ልበላችሁ፣ በሳምንት የማበላሸው በዛ። ሙሴ ቫሃን በዓይኑ መዘነኝና «አንተ ልጅ፣ ላብህ የሚወርደው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው?» አለኝ። እሷ ናት አስካለ። ያችን ፈሪ፣ ያችን ሯጭ ባቡር ሙሉውን ስገለብጥ ከመንኮራኩሩ ጎን ባርኔጣ ለባሽ ፈረንጅ አላቆምኩም። አስካለን የመስኮቱ መቃን ላይ አስደግፌ ቁመቷን በእርሳስ ምልክት አድርጌ፣ በልኩ ቀንሼ፣ ሽንሽን ቀሚሷንና ነጠላዋን ጨምሬ አቆምኳት። አይታው ሳቋን ለቀቀችው።

«ይሄ ጎማ ከኔ ይበልጣል እንዴ?»

«ጎማ የላስቲክ ነው፤ መንኮራኩር በይ። በአንድ ስንዝር ይበልጥሻል።»

«በዚህ ጎማ ከዚህ አዲስ አበባ መቼ እንገባለን?»

«ምሳ በልተን ተነስተን ለመክሰስ።»

«ውሸታም!» አለች፤ ግን ወደደችው። ሙሴ ቫሃን ፈረንጁን ፍለጋ ሥዕሉን ቢያይ ልጅቷን አገኛት። ይቆጣል ስል ሥዕሉን ጠቅልሎ «የሠርግህ ስጦታ ይሁንልህ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልካችንን፣ ገበያም ሆነ ልቅሶ ቤት ስንወጣ፣ አስካለ ነጠላዋን እያጣፋች «በል በትልቁ ጎማ ውሰደኝ» ትለኝ ነበር። አውቶብስ ለመሳፈር እንኳ እንዲህ ነው የምትለው። እየሰለቸኝ መጥቶ ነበር፤ ወይ ነዶ፣ ሰው የሚሰለቸውን አያውቅም።

ወደ አዲስ አበባ፣ ለገሃር፣ ተዛውሬ የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ እትዬ በላይነሽ አራስ ሊያርሱ ከድሬዳዋ መጡ። እኔ ሥራ ወጥቼ መስመር ላይ ነኝ። ለልጅቱ ልብስ ሊሰፉ ሣጥን ሲበረብሩ ትልቅ ጥቅል የፕላን ጨርቅ አገኙ። ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት የፕላን ጨርቅ ሲያጥቡ ነው፤ ምን ይጠይቃሉ? ዘፈዘፉት። ስመለስ አስካለ አልጋ ላይ ናት፣ ጨቅላዋ በነጭ እጀ ጠባብ እቅፏ ውስጥ፣ ሆዷ ላይ ግራጫ ጭስ ማውጫ። ባቡሬን ለብሳለች! ጮህኩ፣ ግድግዳ በጡጫ መታሁ፣ እትዬ በላይነሽ እንባቸው መጣ። አስካለ ግን ስፌቷ እስኪያማት ሳቀች። «ተው በሞቴ፣ ልጅህ ገና ሳትድህ በትልቁ ጎማ ትሄዳለች፣ ምን ጎደለህ?» አለችኝ። መንኮራኩሩ ያለበት ቁራጭ ተርፎ ነበርና እሱን ሻሽ አደረገችው። የመንኮራኩሩ መስመር ወፍራም ስለነበረ ደብዝዞ ቀረ፤ ከጎኑ የቆመችው ልጅ በቀጭን ብዕር ነበር የተሳለችው፣ እሷ በመጀመሪያው ውሃ ነው የሄደችው።

ጡረታ ስወጣ ሰበታ ገባን። ያኔ ሰበታ ማለት ባሕር ዛፍ፣ የወፍጮ ድምፅና ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቦታውን የሸጠልን ኦቦ ደገፋ ነው። በዕድሜ ስለምበልጠው እሱ አንቱ ይለኛል፣ እኔ አንተ እለዋለሁ፤ ሲያሾፍብኝ «ባቡሬ» ይለኛል። ጠዋት አጥር ላይ «አካም ቡልተን ባቡሬ» ካላለኝ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም። ጤፉ፣ ጓያው፣ ሁለት ጥማድ በሬው፣ ሁሉም ከአጥሬ ማዶ ነበር። መጀመሪያ ግማሹን መሬት ፋብሪካ ወሰደው። ከዚያ የዋና ከተማዋ ፕላን ሰፍቶ እኛንም፣ ቡራዩንም፣ ሱሉልታንም ሊውጥ ነው ተባለ። አንዱ ይሄ ተወሰነ ይላል፣ ሌላው ገና ነው ይላል፤ ማን የሚያውቅ ነበረ? አንድ ጠዋት ደገፋ ማሳው ውስጥ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሎ አገኘ። ማን እንደተከለው የሚነግረው አልነበረም። በዚያው ሰሞን አንዱ ዘመዱ የሰጠውን የተባዛ ካርታ ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው።

«አንቱ መስመር ያውቃሉ። ይሄ መስመር የኔ ጤፍ ላይ ነው ወይስ ከጎኑ?»

መነጽሬን አድርጌ አየሁ፣ አገላብጬ አየሁ። ልኬቱ ተቆርጧል፣ ቅጂው ደብዝዟል። «አልችልም ደገፋ፣ ከዚህ ላይ አይታወቅም» አልኩት።

«እናንተ ስታሰምሩ ከመስመሩ ሥር ያለው ሰው ይታያችሁ ነበር?»

«ፕላን ላይ ሰው የሚሳለው ለቁመት ማመሳከሪያ ነው» አልኩት። ካርታውን አጠፈው። አስካለ ከወጥ ቤት ሆና ሰምታኝ ኖሮ ማታ ስትነዘንዘኝ አደረች፤ «ለሰው እንደዚህ ይባላል?» እያለች። እውነቷን ነው።

ከዚያ ነገሩ ጦዘ። የአካባቢው ልጆች መሬታችንን ብለው አደባባይ ወጡ፣ ጥይት ተሰማ፣ ልቅሶ ተሰማ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ስልክ ሲያሰኘው ይሠራል። ያን ቀን ጠዋት ከመኝታችን ስንነሳ የጎማ ጭስ ሰማዩን ይዞታል። አስካለ ቂጣ እየቆረሰች «ዛሬም ከተማ መሄድ የለም ማለት ነው» አለችኝ፣ ከዚያ ቂጣው ከእጇ ወደቀ። ላንሳልሽ ብዬ ጎንበስ ስል እሷም ወደ ጎን ዘንበል አለች። ቀና ሳደርጋት አፏ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፣ ቀኝ እጇ የሷ አይደለም። አንድ ነገር ትለኛለች፣ ቃሉ አይወጣም።

ሰፈራችን ክሊኒክ ያለው ልጅ እግር ሐኪም ዓይኗን በባትሪ አየና ወደ ጎን ወሰደኝ። «አባባ፣ የጭንቅላት ደም ሥር ነው። እኛ ጋ ምንም ነገር የለም። አዲስ አበባ አሁኑኑ መድረስ አለባት፤ ሲዘገይ የሚሞተው አይመለስም» አለኝ። አምቡላንሱ? ትናንት መስታወቱ ረግፎ ቆሟል። ሰዉ ተሰበሰበ፣ ሁሉም መንገድ ይመርጥልኛል። «በቡራዩ ዞረው ይግቡ»፤ «ቡራዩም ዝግ ነው»፤ «እስኪረጋጋ ይጠብቁ»። የምን መጠበቅ! ጓሮ የቆመች አሮጌ ቮልስ ነበረችኝ፣ ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ አስካለ «የሙሴ ቫሃን ዘመድ» ትላት ነበር። አስነሳኋት። የደገፋ ባለቤት አዴ ብርቄ ከኋላ ገብታ የአስካለን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች። ደገፋ ግን አልገባም። ከቦዩ ዳር ለምለም ሣር፣ የልመናና የሰላም ምልክቱን፣ ነጨና በሁለት እጁ ይዞ ከመኪናዬ ፊት ቆመ።

«ግባ እንጂ!» አልኩት።

«እኔ ከገባሁ አያልፉም። ሣር የያዘ ሽማግሌ በእግሩ ነው የሚሄደው። ይከተሉኝ።»

ተከተልኩት። እሱ በእግሩ፣ እኔ በአንደኛ ማርሽ። መንገዱን የዘጋው የመጀመሪያው ድንጋይ ዘንድ ስንደርስ ልጆቹ ዱላ ይዘው መጡ። ደገፋ ሣሩን ከፍ አድርጎ «ኢጆሌ ኮ፣ ካራ ኑፍ በና፤ ልጆቼ፣ መንገድ ክፈቱልን፤ እናት ታማለች» አላቸው። አንዱ በመስኮት ጎንበስ ብሎ አስካለን አየ። ፊቱ ተለወጠ። ዱላውን ጥሎ ድንጋዩን ለማንሳት የመጀመሪያው እሱ ሆነ። አሳለፉን፤ ስናልፍ ድንጋዩን መልሰው ዘጉት። ሁለተኛው ዘንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ነበረ፣ እሱንም ለአምስት አንስተው አሳለፉን። ሦስተኛው የሚነድ ጎማ ነው፤ በአካፋ ገፉልን። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረንም። ግን በየደረስንበት ደገፋ ይቆማል፣ ሰላምታ ይለዋወጣል፣ የማን ልጅ እንደሆኑ ይጠይቃል፣ ይመርቃል፣ ይለምናል፤ ያለዚያ አይሆንም፣ ወጉ ነው። እኔ መሪ ጨብጬ ጀርባውን አያለሁ። የለበሰው ቡሉኮ፣ የጭቃ ጫማው፣ ትንሽ የሚያነክሰው ግራ እግሩ። ዕድሜዬን ሙሉ የፍጥነትን ሥዕል ስገለብጥ ኖሬ የሚስቴ ነፍስ በሽማግሌ እርምጃ ትሄዳለች። ጥሩምባ ልነፋ እጄ ይሄድና ይመለሳል። በማን ላይ ልነፋ? ከሱ በቀር ማን ነበረኝ?

ከኋላ አስካለ ድምፅ አወጣች። «ምን አለች?» አልኩ።

«ጎ... ጎ... ትላለች» አለች አዴ ብርቄ። «ውሃ ፈልጋ ይሆን?»

ውሃ አልፈለገችም። ገብቶኛል። «እየወሰድኩሽ ነው፣ አስኩዬ፣ እየወሰድኩሽ ነው» አልኩ፤ መንገዱ በእንባ ጠፋብኝ።

ከተማው መግቢያ ላይ የመጨረሻው መዝጊያ የወታደሮቹ ነበር። ደገፋ እንደለመደው ሣሩን ይዞ ቀረበ። አንዱ ወጣት ወታደር መሣሪያውን አዞረበት። «ወደ ኋላ! ምንድን ነው የያዝከው? ጣለው!» አለው። ልጁ ከየት አገር እንደመጣ አላውቅም፣ ሣር ምን እንደሆነ የነገረው የለም፤ እሱም እንደፈራ ያስታውቃል። ደገፋ ሣሩን አስፋልት ላይ አስቀመጠው እንጂ አልጣለውም። እኔ ከመኪና ወርጄ የማደርገው ቢጠፋኝ የአስካለን ሻሽ ከራሷ ላይ ፈትቼ አውለበለብኩ፤ ነጭ ነገር ነው መቼም፣ ነጭ ያየ አይተኩስም ብዬ። «በሽተኛ ናት! ሚስቴ ናት! እያት!» እላለሁ። መጥቶ አያት። «አባት፣ ትእዛዝ ነው። መንገዱ እስኪጸዳ ማንም አያልፍም» አለኝ፤ ድምፁ ለስልሶ። ለመንኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ያዘኝ። አለቃውን በሬዲዮ ጠራ፣ አለቃው አለቃውን እስኪጠይቅ ጠብቁ አለ። ከጎናችን ጎመን የጫነ አይሱዙ ቆሞ ጎመኑ በፀሐይ ይጠወልጋል። ፀሐይዋ ከፊታችን ተነስታ ከራሳችን በላይ ሆነች፣ ከዚያም ወደ ጀርባችን ዞረች። አዴ ብርቄ የአስካለን አፍ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ለልጄ ለመደወል ስልኩን እጫናለሁ፣ አይሠራም። መቆም ብቻ። የምሠራው ነገር ቢኖር፣ ልገፋው የምችል ነገር ቢኖር!

ማለፍ ሲፈቀድ መኪናዋና ሴቶቹ ይለፉ፣ ሽማግሌው ግን ወደ መጣበት ይመለስ ተባለ። በመስታወት አየሁት። ደገፋ ጎንበስ ብሎ የጠወለገውን ሣር ከአስፋልቱ ላይ ለቀመና ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ ሊመለስ ዞረ።

ሆስፒታል ሐኪሟ ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርጋ «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለች። ክፋት አልነበረባትም፤ ለሁሉም የምትለው ነው። አስካለ አልሞተችም። ቀኝ ጎኗና አንደበቷ ግን ከዚያ መንገድ አልተመለሱም። ልጃችን አልቅሳ አልቅሳ ስታበቃ ተሽከርካሪ ወንበር ገዝታ አመጣች። ከሳጥኑ አውጥቼ ስገጣጥመው አወቅኳት። ከፊት ሁለት ትናንሽ፣ ከኋላ ሁለት ትልልቅ። መቀመጫው ዝቅ ያለ። ያቺው ፈሪዋ፣ ያቺው ሯጯ ባቡር! ቀና ብዬ አስካለን አየኋት። እሷ ቀድማኝ አይታዋለች። በግራ እጇ ትልቁን ጎማ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው፣ በዚያ በቀራት ግማሽ አፍም ሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ።

ከዚያ ወዲህ ንግግሯ እሱ ሆነ፤ መውጣት ስትፈልግ ጎማውን ሁለቴ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲሞከር የሰበታ ሰው ሁሉ ሊያይ ወጣ፣ እኛም ወጣን። ሐዲዱ የደገፋን ጤፍ አልነካም ነበር። የነካው ከሐዲዱ ኋላ የመጣው መጋዘን ነው፤ ችካሉ የዚያ ነበር። ክረምት ነው፣ መንገዳችን ጭቃ ነው። ባቡሩ ያለ ጭስ፣ ያለ ኡኡታ ሹልክ ብሎ አለፈ። መንኮራኩሩን እንኳ በቅጡ አላየነውም፣ ልብስ ለብሷል። አስካለ ተከትላ አየችውና ዓይኗን መለሰች። ከዚያ ጎማዋን ሁለቴ መታች።

«ምን አለች?» አለኝ ደገፋ።

«ተወው እሱን፣ በራሴ ባቡር ውሰደኝ ነው የምትለው።»

ብገፋው ወንበሩ ንቅንቅ አላለም፤ ጎማው ጭቃው ውስጥ ባለበት ይሽከረከራል። ደገፋ ምንም ሳልነግረው መጋዘኑ ሊሠራበት ከተቆለለው አሸዋ በኮፍያው ዘግኖ መጣ። ያንኑ የሱ መሬት የነበረውን ቦታ ረግጦ ነው የዘገነው። «ከፊቱ» አልኩት። ከፊቱ በተነልኝ። ወጣን።

ሁለት ክረምት አብራኝ ከረመች፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ጎማውን አልመታችም። ወንበሩን ለክሊኒኩ ሰጥቻለሁ። የወሰደችውን ነርስ ጭቃ ሲይዘው አሸዋ ከፊት እንጂ ከኋላ እንዳትደፊ አልኳት። «እሺ አባባ» አለች፤ ሽማግሌ ሲቀባጥር እንደሚባለው።

ጫልቱ አሁን ሻሹን በሁለት እጇ ዘርግታ በአጥሩ በር እየመጣች ነው። ስታርቹ ጨርቁን መልሶ አደረቀው፤ ብርሃን አሳልፎ እንደዚያው እንደ ድሮው ሆኗል። ፊቷ ግን ቅር ያላት ይመስላል።

«አባባ፣ ይቅርታ። እዚህ ጋ ክብ ነገር አለ። እድፍ መስሎኝ አሽቼ አሽቼ አልለቅም አለኝ።»

«ተይው፣ አይለቅም። ጎማ ነው።»

ወደ ፀሐይ አንስታ በጨርቁ ውስጥ አየችው። «የምን ጎማ? ትልቅ ነበር?»

«ከእማማ አስካለ በአንድ ስንዝር ይበልጥ ነበር» አልኳት።